እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር



መጽሐፈ ነህምያን የሚያነብ ሰው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ገጹን ገልብጦ ያልፈዋል። ምዕራፉ የስም ዝርዝር ብቻ ይመስላልና። እገሌ የእገሌ ልጅ ይህን ሠራ፣ ከእርሱም ቀጥሎ እገሌ ያንን አደሰ እያለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ተአምር አይነገርበትም፤ ትንቢትም ሆነ ጸሎት አይገኝበትም። ይሁን እንጂ የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተሠርቶ የተፈጸመው (ነህ. 6፥15) በዚህ ዝርዝር ውስጥ በተጻፉት ሰዎች እጅ እንደ መሆኑ መጠን፣ ለምንኖርበት ሰፈር ያለብንን ኃላፊነት ልናስተውል ስንወድ ወደዚህ ምዕራፍ መመለስ ይገባናል።

ዝርዝሩን ቀስ ብለን ብናነበው ማን ማን እንዳለበት እናያለን። ሥራውን የሚጀምረው ሊቀ ካህናቱ ከካህናት ወንድሞቹ ጋር ነው፤ ይኸውም የበጎችን በር በመሥራት። ስለዚህ ካህን ድንጋይ መሸከም የሌላው ሥራ ነው ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች አሉበት፤ ለፒያሳ ሰው ወርቅ ሠሪ ምን ዓይነት ጎረቤት እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ነጋዴዎችም አሉበት። የከተማይቱ ግማሽ ግዛት አለቃ የነበረ አንድ ሰው ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ ይላል (3፥12)። የሌላ አውራጃ አለቃ ደግሞ የጉድፍ መጣያውን በር አደሰ (3፥14)፤ ሹም ሆኖ ሳለ የቆሻሻ መውጫው በር የደረሰው ይህ ሰው ስለ ሥራው ማጉረምረሙ አልተጻፈም። በአንጻሩ የቴቁሔ ሕዝብ ሲሠራ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም (3፥5)፤ ይህም ሳይዘለል በመጽሐፍ ገብቶ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ደጋግሞ የሚመጣው ቃል ግን እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር መሥራቱ ነው። ነህምያ ሕዝቡን ባንድነት ሰብስቦ ወደ አንድ ታላቅ ግንብ አልነዳቸውም። እያንዳንዱ ደጁን ከፍቶ ሲወጣ በሚያየው ፍርስራሽ ላይ እንዲሠራ ሆነ። ሜሱላም የተባለው ሰው ደግሞ የሠራው በጓዳው አንጻር ነው (3፥30)፤ ስለ እርሱ የተነገረው ስለ ቤት እንኳ ሳይሆን ስለ አንዲት ክፍል ነው። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ የአራዳ እናቶችና አባቶች ይህን ሰው የእነርሱ ወገን አድርገው ቢቆጥሩት ደስ ይለናል።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች አመሠራረትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰው የሰፈረበት ቦታ ማለት ሆኖ ከጊዜ በኋላ የነዋሪ መንደር ስም ሆነ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር በመስፍኑ፣ ሠራተኛ ሰፈር በእጅ ባለሙያዎቹ ተጠራ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር ለቦታው ፒያሳ የሚለው ስም ተረፈው። አራዳ ግን ስሙን አልጣለም። እንዲያውም ቃሉ ብልህና ንቁ ሰው ማለት ሆኖ በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ። (ይህ ብልህነት አንዳንድ ጊዜ ሌላውን ማታለል ተደርጎ መቆጠሩ ያሳዝናል፤ የጥንቱ አራዳ የጎረቤቱን ችግር ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበረ ቢባል ይሻላል።)

የዚህ አካባቢ ሰው ስለ ጋራ ጉዳይ የሚመክርበት ሁለት ዓይነት ቦታ ነበረው፤ አንዱ ቀበሌ፣ ሁለተኛው እድር ነው። ቀበሌ የተወለደው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ነው። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲያስተዳድሩ ተሰጣቸው፤ ኪራይም ተቀነሰ። የፍርድ ሸንጎና የኅብረት ሱቅ የነበረው ይኸው ቀበሌ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ እስር ቤትም ሆነ፤ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ዘብ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሙሉ ትውልድ ስብሰባ ማለት ከኋላ መቀመጥ፣ እጅ ሲወጣ እጅ ማውጣት፣ ሲፈርስ ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ማለት ሆነ። ዛሬ የአስተዳደሩ ስም ወረዳ ተብሏል፤ ሕዝቡ ግን አሁንም «የቀበሌ ቤት» ነው የሚለው፤ ከስሙ ጋር የቆየው ፍርሃትም በአንዳንዱ ልብ ውስጥ አለ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ምእመን ለወረዳ ስብሰባ ሲጠሩ ቢያመነቱ ስንፍና ነው ብለን በችኮላ አንፈርድባቸውም።

እድር ግን ሌላ ነው። እድርን ማንም ባለሥልጣን አላቋቋመውም። ሰው ሲሞት ብቻውን እንዳይቀበር ጎረቤት ከጎረቤት ተማምሎ ያቆመው ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮና የቀሪ መቀጮ አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሲያልፍ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም ተነሥቶ ይወጣል። ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ያላመነበት ይጠይቃል፤ የማይወደድ ዳኛ በምርጫ ይወርዳል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ ሒሳብ መጠየቅን፣ ተራ ጠብቆ መናገርን፣ በድምፅ ብልጫ መሸነፍንም የተማሩት እዚያ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ ማኅበር ሊነጥቀው እንደማይገባ አስተምረዋል። ይህን ትምህርት ለአራዳ ሕዝብ ለማስረዳት ከባድ ቃል አንፈልግም፤ የእድሩን መዝገብ ማሳየት ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ፣ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ወዳሉ የመኖሪያ መንደሮች ሄዱ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ተመርቆ ነበር፤ መንገዱም ሰፋ፣ መብራቱም በዛ። ስለዚህ ሥራ በሁለት ወገን መናገር ቀላል ነው፤ አንዱ ሁሉን ያመሰግናል፣ ሌላው ሁሉን ይነቅፋል። እኛ ግን ሁለቱንም እውነት መያዝ ይገባናል ብለን እናምናለን። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተ ሰብ ይጋራው ነበር፤ በክረምት ጣሪያው ያፈስ ነበር። ይህ ችግር ይቅር ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ጋር ያልተጻፈ ሀብት ነበረ፤ በዱቤ የምትሰጥ ባለሱቅ፣ ልጅ የምትጠብቅ ጎረቤት፣ ሕመምተኛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጥ የሰፈር ጎረምሳ። ለቤቱ ምትክ ተሰጥቶ ይሆናል፤ ለጎረቤቱ ግን ምትክ የሚጻፍበት ቅጽ የለም። እድሮችም ተበተኑ፤ ድንኳኑ አንድ፣ አባላቱ ግን በአራት ማዕዘን።

ነህምያም ይህን ዓይነት ነገር ገጥሞታል። ቅጥሩ እየተሠራ ሳለ ከሕዝቡና ከሚስቶቻቸው ታላቅ ጩኸት ሆነ (ነህ. 5፥1)። ስለ እህል ሲሉ እርሻቸውንና ቤታቸውን በመያዣ የሰጡ፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ያቀረቡ ድሆች ነበሩ የጮኹት። በዚህ ጊዜ ነህምያ፣ ሥራው ታላቅ ነውና ዝም በሉ አላላቸውም። ጩኸታቸውን ሰማ፣ ተቆጣ፣ በልቡ አሰበ፣ ትልቅ ጉባኤም ጠራ፤ የተወሰደውም እንዲመለስ አደረገ። እርሱ ራሱም ለአገረ ገዥ የሚገባውን ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ ሳይበላ ኖረ (5፥14)። ለመጽሐፉ ጸሐፊ የድሆች ጩኸት የቅጥሩን ሥራ ታሪክ የሚያቋርጥ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ በዚያው በሥራው ታሪክ መካከል አስገብቶታል።

ከፒያሳ ጥቂት ወረድ ብሎ እሪ በከንቱ የሚባል መንደር መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። ስሙ እንደሚለው በዚያ ሸለቆ ሌባ ያገኘው ሰው እሪ ቢል ሰሚ አልነበረውም። በአገራችን ወግ ግን እሪታ የሰማ ሰው ሁሉ የመውጣት ግዴታ ነበረበት፤ አለመውጣትም ነውር ነበር። ክርስቲያን በሰፈሩ ጉዳይ መሳተፉ ከዚህ ግዴታ የተለየ ነገር አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ወንድማማችነት በጻፉት መልእክት ደጉን ሳምራዊ በመካከል ያቆሙት ለዚህ ነው፤ ካህኑና ሌዋዊው በመንገዱ ላይ የወደቀውን ሰው አላዩትም አልተባለም፤ አይተውት አልፈው ሄዱ ነው የተባለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረ ሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን መብት ያለ ስድብና ያለ ፍርሃት፣ በጽሑፍና በስብሰባ መጠቀም ዓመፅ አይደለም። መብት ካልተጠየቀበት በወረቀት ላይ ይቀራል። ምትክ ቤት ያልደረሳት መበለት ማመልከቻ ጽፎ ከእርሷ ጋር ወረፋ የሚይዝላት የተማረ ምእመን በየቁምስናው አይጠፋም፤ ይህን ማድረጉ ከማኅበር ጽዋ ያነሰ በጎ ሥራ መስሎ አይታየው።

አሁን ደግሞ ከአራዳ ወጥታችሁ ሩቅ ለምትኖሩት እንናገር። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ (ኤር. 29) ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለደረሱበትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። ከተማችንን ባቢሎን ማለታችን አይደለም፤ ስደትና የቤት ለውጥም አንድ አይደሉም። ነገር ግን ልብን በድሮው ሰፈር ትቶ በአዲሱ ሰፈር እንግዳ ሆኖ ለመቅረት የሚፈተን ሰው የእነዚያን ምርኮኞች ሐሳብ ያውቀዋል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አንድ ደረጃ እየተጋሩ ስም የማይተዋወቁ አሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያሰበው፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ስለሆነ ነው። በዚህ ማኅበር ስብሰባ መገኘት፣ ስለ ውኃና ስለ ፍሳሽ መነጋገር ለክርስቲያን የማይገባ ዓለማዊ ነገር አይደለም። የጉድፍ መጣያውን በር ያደሰው አለቃ ስሙ በቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈው በዚሁ ሥራ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። አዲስ ሰው ነባር እድር ሲገባ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመውን የሚያህል የመግቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው፤ ነባሮቹ ለዓመታት ያዋጡበት ነውና። ሆኖም ገበያዋንና ደንበኞቿን ፒያሳ ጥላ ለመጣች ባለ ጉልት ይህ ገንዘብ ከባድ ነው፤ እድር ሳይኖራት ሞት ቢመጣስ? በተቀባይ ሰፈሮች የእድር ዳኛ፣ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ ምእመናን፣ የመግቢያው ክፍያ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል በጉባኤ ሐሳብ አቅርቡ። አንድ ድምፅ ያነሰ ከሆነም በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና አቅርቡት።

በአራዳ የቀራችሁትም ሥራችሁ አላለቀም። የኢያሪኮ ሰዎች፣ የገባዖን ሰዎች፣ የቴቁሔም ሕዝብ ኢየሩሳሌም ውስጥ የማይኖሩ ሲሆኑ መጥተው ቅጥሩን ሠርተዋል፤ የቴቁሔ ሰዎችማ አለቆቻቸው እንቢ ቢሉም ሁለት ክፍል ሠርተዋል። እንዲሁም ሩቅ የሄዱት በእሑድ ወደ አራዳ ቅዳሴ ሲመጡ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ይቆጠሩ። የድሮው እድር ድንኳንና ድስት የማን ይሁን የሚለው ክርክር በየቦታው ተነሥቶ ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ዕቃው ተሸጦ ከሚከፋፈል፣ አባላቱ በብዛት ለሰፈሩበት አዲስ እድር እንደ መግቢያ ቢሰጥ ይሻላል። ይህ ግን የአባላቱ ውሳኔ ነው፤ ለውሳኔውም መገኘት ያስፈልጋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ አንድ ሥራ እንሰጣለን። በሚመጣው ሩብ ዓመት ልጆቹን የነህምያን ሦስተኛ ምዕራፍ አስነብቧቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ በሚኖርበት መንደር ወይም ሕንፃ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይጻፍ። ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው? የታመመ የሚጠይቀው፣ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ወረዳ የሚመላለሰው፣ የእድሩን ሒሳብ የሚጽፈው ማን ነው? ካቶሊክ ይሁን አይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ አይምጣ አይጠየቅ። ዝርዝሩ በእሑድ ቅዳሴ በምእመናን ጸሎት ጊዜ ለካህኑ ይቅረብና እያንዳንዱ በስሙ ይጸለይለት። ልጆቹ ጥሩምባ ነፊውን እንዳይረሱት ተቆጣጠሩ።