የተሳሳተ ትዝታ ምን ያውቃል?

ሉዊጂ ትራስቱሊ የሞተው እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1949 ነው። የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሚሠራውም በጣሊያን ቴርኒ ከተማ በሚገኘው የብረት ፋብሪካ ነው። የዚያን ዕለት ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው የወጡት ጣሊያን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳንን ልትፈርም መነሳቷን ለመቃወም ነበር። ከፋብሪካው እንደወጡ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ግጭቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ግን ትራስቱሊ ወደቀ። ቀኑ በሰነድ ላይ ሰፍሯል፣ በጋዜጣም ወጥቷል፤ አያከራክርም።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጣሊያናዊው የቃል ታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ከብዙ ዓመታት በኋላ መቅረጸ ድምፅ ይዞ የቴርኒን የቀድሞ ሠራተኞች ሲያነጋግር፣ ብዙዎቹ ትራስቱሊ የሞተው በ1953 ነው አሉት። በ1953 ፋብሪካው 2,000 ያህል ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ አሰናብቶ ነበር፤ ከተማዋም በተቃውሞና በጎዳና ላይ ግጭት ታመሰች። በእነርሱ ትረካ ልጁ የተገደለው በዚያ ትርምስ መካከል፣ ለእንጀራው ሲታገል ነው።

አንድ ሽማግሌ ዓመት ቢያሳስት ዕድሜ ተጫነው እንላለን፤ እናልፈዋለን። ብዙ ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ያውም ወደ አንዲት ዓመት ሲሳሳቱ ግን እርጅና መልስ አይሆንም። እርጅና ቢሆን ኖሮ አንዱን ወደ 1946፣ ሌላውን ወደ 1958 ይወስደው ነበር። እዚህ ስሕተቱ ራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓት ያለው ስሕተት ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፕላቶ «ቴአይቴቶስ» በተባለው ድርሰቱ ነፍስን በሰም ሰሌዳ ይመስላታል። ያየነውና የሰማነው ሁሉ በሰሙ ላይ ማኅተሙን ይተዋል፤ ስሕተት የሚፈጠረው አዲሱን ነገር ከማይገባው ማኅተም ጋር ስናጋጥም ነው። የቴርኒ ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚስማማ ይመስላል፦ ሞቱም ተቀርጿል፣ ስንብቱም ተቀርጿል፤ አንዱ በሌላው ቦታ ተቀመጠ። ነገር ግን በፕላቶ አሳብ ስሕተት ጉድለት ነው፤ ሰሙ ሲለሰልስ ወይም ሲደርቅ የሚመጣ የመሣሪያ ብልሽት። ቴርኒ ላይ የምናየው ግን ብልሽት አይመስልም። ሥራ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ ሳያውቀው በጋራ የሠራው ሥራ።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚያስታውሱት እንዴት ነው? ቴርኒ ላይ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1884 ነው። ቦታው የተመረጠው ወንዞቹና ፏፏቴው ኃይል ስለሚሰጡ፣ ከተማዋም ከባሕር ጠረፍ ርቃ መሀል አገር ስለምትገኝ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓላማም ለጦር መርከቦች የሚሆን ወፍራም የብረት ጋሻ ማምረት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ማስታወስ የሙያው ግማሽ ነው። በቀድሞዎቹ የብረት መዳመጫዎች ብረቱ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ግሎ ከእቶኑ ይወጣል፤ በሁለት ከባድ ጥቅል ብረቶች መካከል ሲያልፍ ይሳሳል፣ ይረዝማል። በዚህ በኩል አንዱ ይሰድደዋል፤ በዚያ በኩል ሌላው በጉጠት ይቀበለውና ጠምዝዞ ወደሚቀጥለው ቦይ ይመልሰዋል። ሙቀት መለኪያ ሳይስፋፋ በፊት ብረቱ መቼ እንደደረሰ የሚታወቀው በቀለሙ ነበር፦ ብጫ ሲል፣ ብርቱካን ሲመስል፣ ወደ ቀይ ሲወርድ። አንዳንዴ ጫፉ ቦዩን ይስትና የጋለው ዘንግ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ሰው ይወረወራል። የት መቆም፣ በየት በኩል መሸሽ እንዳለበት የዘነጋ ሠራተኛ እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል።

ስለዚህ ሠራተኛው ሁለት ትዝታ አለው ማለት ነው። አንዱ የእጅ ትዝታ ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚቀጣ ጥንቁቅ ነው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከሰውየው አይለይም። ሌላው ስለ ጋራ ሕይወት ያለው ትዝታ ነው፤ ማን ሞተ፣ ማን ከዳ፣ መቼ ተሸነፍን የሚለው። ይህኛው ሲሳሳት የሚቀጣው የለም። ይልቁንም አንዳንዴ የሚቀጣው እውነቱ ነው።

በ1949 ምን ሆኖ ነበር? ከሠራተኞቹ መካከል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከፋሺስቶችና ከጀርመን ጦር ጋር መሣሪያ አንስተው የተዋጉ ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ጓደኛቸው በጠራራ ፀሐይ ሲገደልባቸው አጸፋ ሳይመልሱ ቀሩ። ፖርቴሊ እንደሚያስረዳው ያ ዝምታ ቁስል ሆነ። ከዚህም በላይ፣ ያ ወጣት በሩቅ አገር ስለሚፈረም ውል በተነሣ የደቂቃዎች ግርግር ሞተ ማለት ለሞቱ አነሰበት። በ1953 ግን ከተማዋ በሙሉ ወጥታ ለቀናት ታግላለች። ትዝታው ልጁን አንሥቶ ወደዚያ ትግል ወሰደው። በዚያ ሞቱ ምክንያት አገኘ፤ ሕዝቡም መልስ የሰጠ ሕዝብ ሆነ።

ለእኛ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአያቶቻችን ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር አልነበረም፤ «በሕዳር በሽታ ጊዜ የተወለደ»፣ «ጣሊያን ሲገባ ያገባች» ይባል ነበር። እንዲህ ያለ የዘመን አቆጣጠር ነገሮችን በሚመዝናቸው ክብደት ዙሪያ ያሰባስባል። ትልቁ መከራ በአቅራቢያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ከክፉ ቀን ሁለት ዓመት በፊት የሞተው ዘመድ ሲተረክ ውሎ አድሮ በክፉ ቀን ያለቀ ይሆናል። ተራኪው ዋሽቶ አይደለም፤ ዓመት ሲጠየቅ ትርጉም እየመለሰ ነው። የቴርኒም ሰዎች እንዲሁ ናቸው፦ «መቼ ሞተ?» ሲባሉ «ለምን ሞተ?» ለሚለው መለሱ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ይላል፤ ደስ የሚለው ክርክር ግን ቶሎ መፈተን አለበት። እያንዳንዱ ስሕተት ጥልቅ እውነት ከሆነ ውሸት የሚባል ነገር የት ሊቀር ነው? ባለሥልጣንም ታሪኩን ለራሱ በሚመቸው ዓመት ያስቀምጣል፤ ገዳይም ለገደለበት ምክንያት የተሻለ ቀን ያገኛል። የትራስቱሊን ሞት ከ1949 ወደ 1953 ማዛወርም ዋጋ አለው፤ ያ ወጣት የወጣው ጦርነት ያመጣል ተብሎ የተፈራውን ውል ለመቃወም ነበር። ለእንጀራው ሞተ ሲባል ያ አቋሙ ከራሱ ከሟቹ ላይ ተወሰደ። ትዝታው ለሕያዋኑ ክብር የሰጠው ከሙት ላይ ወስዶ ነው።

አንድ ትዝታ ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ወገን ነው። በዚያችው ቴርኒ፣ ከብረት ፋብሪካው ሌላ፣ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። ካርካኖ የተባለው ጠመንጃ ይሠራበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን የወረረው የኢጣሊያ እግረኛ ጦር ዋና ጠመንጃም ያው ካርካኖ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኛ በአገራችን የምንዘክራቸው ቀኖች ሌሎች ናቸው፤ የቴርኒ ሰው ትዝታ ከ1949 ወደ 1953 ቢሳብ፣ የእኛው ወደ የካቲት 12 ይሳባል። ሁለቱም ትዝታዎች በመከራ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፣ ሁለቱም ግን የሚያዩት ከቆሙበት ነው። ስለዚህ ትዝታ ትርጉም ያውቃል ስንል ወዲያው «ለማን የሚሆን ትርጉም?» ብለን ማከል ይገባናል።

ታዲያ ሁሉን ለሰነድ እንተወው? ሰነዱም የራሱ ዕውርነት አለው። መዝገቡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን ያውቃል፤ ያ ቀን በአንድ ከተማ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን አያውቅም። ዛሬ ቴርኒ ባቡር ጣቢያ የሚወርድ ሰው ፊት ለፊቱ ከፋብሪካው የወጣ ግዙፍ ማሽን ተተክሎ ያያል፤ 12,000 ቶን ኃይል የነበረው መጫኛ ነው። ማሽኑ ስላለፈው ዘመን አንድም ስሕተት አይናገርም፤ ምንም አይናገርምና። መሳሳት የሚችለው የሚመለከተው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የክርክሩ ቋጠሮ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። የሠራተኞቹ ስሕተት የሚናገረውን የሰማነው ስሕተት መሆኑን ስላወቅን ነው። 1949 የሚለው ሰነድ ባይኖር ኖሮ 1953 ተራ መረጃ ሆኖ በመጽሐፍ ይገባ ነበር፤ ቁስሉም፣ እፍረቱም፣ ምኞቱም ከሥሩ እንደተቀበሩ ይቀሩ ነበር። ትዝታው የሚያውቀውን ብቻውን ሆኖ አያውቀውም፤ ሰነዱም የጎደለውን ብቻውን ሆኖ አያገኘውም። እውቀቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው የአራት ዓመት ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን ለሰነዱ አድልቶ የሚደፍን ሰው ትርጉሙን ያጣል፤ ለትዝታው አድልቶ የሚደፍንም ትርጉሙን ያጣል።

ከዚህ አንድ ግዴታ ይከተላል። ሽማግሌውን ማረም ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ከዕድሜው ክብር፣ ከደረሰበት መከራ ብዛት የተነሣ ያለውን ሁሉ እሺ ብሎ መቀበል ይሻላል ይላሉ። ይህ ግን አክብሮት መስሎ ንቀት ነው። «እውነቱን ነው» እያሉ ራስን መነቅነቅ የሚገባው ለሕፃን ወይም ለማይሰሙት ሰው ነው። የጋለ ብረት በቀለሙ ለይቶ ሲፈርድ የኖረ ሰው፣ ንግግሩ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ተቆጥሮ ሊመዘንለት ይገባል። ስለዚህ «በ1949 ነበር እኮ፣ አባባ» እንበለው። ተከራክሮ ሊቆጣም ይችላል። ማረም ብቻውን ግን የመዝገብ ሹም ሥራ ነው፤ ቀጥሎ «በ1953 ቢሆን ኖሮ ምን በተለየ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቀራል። ለዚህ ጥያቄ ሰነድ መልስ የለውም፤ ሊመልስ የሚችለው የተሳሳተው ሰው ብቻ ነው።