ለልደታቸው ምን እንስጣቸው?



ስጦታ መስጠት ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ለሚኖሩ እናት ወይም አባት የልደት ስጦታ እንምረጥ ስንል ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል። በአሜሪካ አገር ለምንኖር ወጣቶች ደግሞ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ሹራብ፣ ብርድ ልብስ ወይም አበባ ይዘን እንሄዳለን፤ እነርሱም መርቀው ይቀበሉናል፤ እኛም ግዴታችንን የተወጣን መስሎን እንመለሳለን። ለመሆኑ መልካም ስጦታ የምንለው የትኛውን ነው? እስቲ በጥቂቱ እንመርምረው።

በመጀመሪያ ስለ ልደት ቀኑ ጥቂት እንበል። ከአረጋውያን ወላጆቻችን ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቀን በቁጥር አያውቁትም። «ጣልያን በገባ ጊዜ» ወይም «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ይላሉ፤ ይኸውም 1928 ወይም 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በስደት ሲመዘገቡ ቀናቸው ያልታወቀ ብዙ ሰዎች በወረቀታቸው ላይ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። በመጦሪያ ቤቱ ልደታቸው የሚታሰበውም በዚሁ በወረቀቱ ቀን ነው። እንግዲህ ቀኑ ራሱ ለእርሳቸው ብዙም ትርጉም ከሌለው፣ ትርጉም የሚሰጠው በዚያ ቀን የምናደርገው ነገር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የቦታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ክፍሉ ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ነው፤ ቁም ሣጥኑም ጠባብ ነው። ልብስ በአንድነት ስለሚታጠብ ስም ካልተጻፈበት ይጠፋል። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው፣ ወይም ለመዋጥ የሚቸገሩ ከሆነ ምግብ ከመውሰዳችን በፊት ነርሷን መጠየቅ ይገባናል። ከሰል ማቀጣጠል፣ ሻማ ማብራትና ዕጣን ማጨስ በእሳት አደጋ ምክንያት አይፈቀድም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ሕግ ነዋሪው ቦታው እስከበቃ ድረስ የራሱን ዕቃ የመያዝ፣ እንግዳም የመቀበል መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ለስጦታ መንገዱ ዝግ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። አንዲት እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተዋል፤ ለአራስ ገንፎ፣ ለለቅሶ ቤት እንጀራ ይዘው ሄደዋል፤ ለልጅ ልጅ ከመቀነታቸው ፈትተው ሳንቲም ሰጥተዋል። መጦሪያ ቤት ሲገቡ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀባይ ብቻ ይሆናሉ። ሌላ ሰው ያጥባቸዋል፤ ሌላ ሰው ያበላቸዋል። ወጪያቸውን ሜዲኬይድ የሚከፍልላቸው ከሆነ ገቢያቸው ለቤቱ ይውልና ለኪሳቸው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በወር 30 ዶላር ሲሆን፣ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ከዚህ ከፍ ያደርጉታል። ከዚህ ላይ ለልጅ ልጅ ልደት፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ምን ይተርፋል? እጃቸው ባዶ የሆነው በእርጅና ብቻ ሳይሆን የሚሰጡት በማጣት ጭምር ነው።

እንግዲህ እንደ እኔ አስተያየት ለእነዚህ ወላጆች የሚሻለው ስጦታ መልሰው መስጠት የሚያስችላቸው ስጦታ ነው።

ለምሳሌ ያህል እጃቸው የማይንቀጠቀጥ እናት ከሆኑ እንዝርትና ባዘቶ እንውሰድላቸው። እሳት አይፈልግም፤ ቦታም አይይዝም። የፈተሉት ለልጅ ልጃቸው ነጠላ ማሠሪያ ይሆናል። ቡናውን በቤታችን አፍልተን በፔርሙዝ እንውሰድ፤ ሲኒዎቹን ግን አንርሳ። እኛ ቀድተን አንስጣቸው፤ እርሳቸው ይቅዱ፤ በሚቀጥለው አልጋ ላለችውም ሴት ይጋብዙ። ያን ዕለት በዚያ ክፍል የቤት እመቤት እርሳቸው ናቸው። አሥር የአንድ ዶላር ኖቶች በፖስታ ብንሰጣቸውም ልጆች ሲጠይቋቸው ባዶ እጃቸውን አይሸኟቸውም። አባት ከሆኑ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠን ፊደል ያስቆጥሩት፤ የትውልዱንም ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይንገሩት።

አንዳንዶች «ሰጥተው ሰጥተው ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ» ይላሉ። አባባሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ማረፍና ከሰው ጉዳይ መውጣት አንድ አይደሉም። ያረፈ ሰው ሲፈልግ ይነሣል፤ የማይፈለግ ሰው ግን ማንም አያስነሣውም። ሌሎች ደግሞ «የማስታወስ ችሎታቸው ለደከመውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለእነርሱም ቢሆን ምርቃት አለ። ስማችንን የረሱ እናት እንኳ ዝቅ ብለን ጉልበታቸውን ስንስም እጃቸውን በራሳችን ላይ ሊጭኑ ይችላሉ። ምርቃት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጎንበስ የሚል ራስ ግን ይፈልጋል።

ይህን ስል ሹራብና ካልሲ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የበረደው ሰው መጀመሪያ ሊሞቀው ይገባል። ነገር ግን ስጦታውን ከመግዛታችን በፊት «ይህ የሚያሳርፈው እርሳቸውን ነው ወይስ የእኔን ኅሊና?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። ውድ ዕቃ ልኮ ራስን ማስቀረት ብዙ ጊዜ የሚያሳርፈው ላኪውን ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለውም አባባል የተነገረው ለዚህ ይመስላል።

ወላጆቻችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» እያሉ ሲመርቁን ኖረዋል። መጦር ማለት ማብላትና ማልበስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን መጦሪያ ቤቱም ያደርገዋል። ለልጅ የቀረው ሥራ እናትን እናት፣ አባትን አባት እንደሆኑ ማቆየት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ለሚመጣው ልደት የምትይዙትን ስታስቡ፣ ከእርሳቸው ምን ተቀብላችሁ እንደምትመለሱም አብራችሁ አስቡ።