ማን በማን ቤት ገባ?

እባብ ከደጁ ቢገኝና ገበሬው ቢገድለው ማን ይፈርድበታል? ልጆቹ በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ግቢ ነው። ነገር ግን እኛ ተማሪዎች በገና ሰሞን መኪና ተከራይተን፣ እባብ ልናይ ላስታ ድረስ ሄደን፣ «ለመከላከያ» ብለን ዱላ ስንይዝ ጥያቄው ይለወጣል። እንዴ! ማን በማን ቤት ገባ?

እባብ ሰውነቱን በራሱ አያሞቅም፤ ሙቀት ከፀሐይ ይበደራል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ የታኅሣሥ ሌሊት ያደነዘዘው እባብ ረፋድ ላይ ድንጋይ ላይ ሲሞቅ ብናገኘው ቶሎ መሸሽ ያቅተዋል። ታዲያ እሱን መምታት ጀግንነት ነው?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ፍርሃት ልጡን እባብ ያደርገዋል፤ ዱላ መያዝ ደግሞ ያገኘነውን እባብ ሁሉ ባለጋራ ያደርገዋል። በባሌ ተራሮች የሚኖር አንድ እፉኝት ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ በሐረና ደን ስም የተጠራው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስንቱን ሳናውቀው ቀጥቅጠን ይሆን?

እንግዲህ እባብ ሊያይ የሚሄድ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ርቀቱ ለሁለቱም ይበጃል። መፍራት ነውር አይደለም። ፈልጎ አግኝቶ መግደል ግን መከላከል አይባልም።