መፋቂያውና ክሩ፦ ለወጣቶች የጥርስ ምክር

መንጋጋ አምስት ገጽ አለው፤ በጉንጭ በኩል ያለው፣ በምላስ በኩል ያለው፣ ማኘኪያው፣ ከዚያም ከጎረቤት ጥርሶቹ ጋር የሚዋሰንባቸው ሁለት ጎኖች። መፋቂያም ሆነ ብሩሽ በደንብ የሚያጸዳው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ነው። በሁለቱ ጎኖች ላይ የሚቀረው ለስላሳ ልባስ ካልተነሣ ድድ ያሳብጣል፣ ሲቆይ ጠጥሮ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፣ ጥርሱም ከጎኑ ይቦረቦራል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ጠዋት ጠዋት ጥርሱን የሚፍቅ ወጣት መልካም ልማድ ይዟል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

መፋቂያው ራሱ ምርጫ ይፈልጋል። ከተለመዱት እንጨቶች ወይራና ክትክታ ይገኙበታል። ጥሩ መፋቂያ እርጥብ ነው፤ ውፍረቱ ትንሽ ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል። ጫፉ ይላጣል፣ እየታኘከ ይፍረከረካል፣ ከዚያ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፋቅበታል እንጂ ወደ ጎን አይገዘገዝበትም። የደረቀ እንጨት ድድ ይወጋል። የተሠራበት ጫፍ በማግሥቱ ተቆርጦ አዲስ ይታኘካል። ማንነቱ ያልታወቀ እንጨት ወደ አፍ መግባት የለበትም፤ የቅንጭብ ዓይነቱ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል አፍ ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለባቸው አገሮች በመፋቂያ መጠቀምን አበረታቷል፤ በመፋቂያ የሚያፍር ካለ ማፈሩን ሊተው ይችላል። መፋቂያ የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ማጽዳት ጉድለቱን ይሞላል።

በጥርስ መሐል የሚቀረውን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በእሸት ጊዜ የበቆሎ ገለፈት፣ ጾም ሲፈታ የሥጋ ጅማት። ያን ጊዜ እጅ የሚሄደው ወደ ስንጥር ነው፤ ከአጥር የተሰበረች እንጨት፣ ከዚያ የከፋ ሲሆን መርፌ ወይም የቢላ ጫፍ። ስቴኪኒ ከእነዚህ ይሻላል፤ ሆኖም የተሰነቀረውን ያወጣል እንጂ ልባሱን አያጥብም፣ በተደጋጋሚ ሲወጋም ድዱን ያሸሻል። ለዚህ የተሠራው የጥርስ ክር ነው።

ክሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ የኒው ኦርሊየንስ የጥርስ ሐኪም በ1815 እ.ኤ.አ. ገደማ ሕሙማኑን በሐር ክር የጥርሳቸውን መሐል እንዲያጸዱ ይመክር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሐሩን ናይለን ተክቶታል።

ምርጫው የሚወሰነው በክፍተቱ ስፋት ነው። ጥርሶቹ ተጣብቀው ክር ሲገባ የሚታገል ከሆነ፣ በሰም የተቀባ ቀጭን ናይለን ወይም ከቴፍሎን የተሠራ አንሸራታች ክር ይስማማል። ሰም የሌለው ናይለን በጠባብ ቦታ ይበጣጠሳል፤ መጠነኛ ክፍተት ላለው ግን ይሆናል። ሰፋ ላለ ክፍተት እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ይሻላል። ድዱ ለሸሸ፣ መንጋጋው ለተነቀለበት ወይም ፍንጭት ላለው ሰው ግን ክር ብዙም አይጠቅምም፤ በጥርስ መሐል የምትገባዋ ትንሽ ብሩሽ ትበልጣለች። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ በብሩሽ ላይ ክር ወይም የመሐል ብሩሽ መጨመር የድድ ብግነትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ የመሐል ብሩሿም ከክሩ ልትሻል እንደምትችል ገልጿል፤ ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነም አልሸሸገም። መዓዛና ቀለም ዋጋ ከመጨመር ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ፋይዳ የላቸውም።

ክር ሲጠፋ የተገኘውን መምዘዝ ግን አደጋ አለው። የልብስ ስፌት ክር ቀጭንና ስለታም ስለሆነ ድድ ይቆርጣል። የጥጥ ፈትል በመሐል ተበጥሶ ይቀራል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ላስቲክ ደግሞ ጠርዙ ስለት ነው፤ የማዳበሪያውም ትራፊ ሊኖርበት ይችላል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ተቆርጦ በሁለቱ የመሐል ጣቶች ይጠቀለላል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጠራል። ወደ ድድ በኃይል አይገፋም፤ እያወዛወዙ ቀስ ብለው ያስገቡታል። ከዚያ አንዱን ጥርስ በግማሽ አቅፎ ከድዱ ሥር ወደ ጥርሱ ጫፍ ይታሻል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩን አስገብቶ ያወጣዋል እንጂ ሁለቱን ጎኖች አያሽም። ለእያንዳንዱ ክፍተት ንጹሕ የሆነው የክሩ ክፍል ይቀርባል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከመኝታ በፊት፣ ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ሊደማ ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተቆጣ ድድ ምልክት ስለሆነ ክሩን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ጤናማ ድድ አይደማም። በንቅሳት የጠቆረ ድድ መቅላቱ ስለማይታይ፣ ድዷን የተነቀሰች ሴት መድማቱንና ማበጡን መከታተል ይገባታል። ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚደማ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም መግል ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የጠጠረውን የጥርስ ድንጋይ ክርም ሆነ መፋቂያ አያነሣውም።