«አጥቢ» ከማለታችን በፊት

አንዲት እናት ልጇን ስድስት ወር ሙሉ ከጡቷ ወተት በቀር ምንም ሳትጨምር እንድታሳድግ የሚያበረታት ምንድን ነው? እንዳታደርገውስ የሚያግዳት ማን ነው? ጥያቄው ሲያዩት የሐኪም ቤት ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የአማና፣ የአደራ ጥያቄ ነው እላለሁ። ምክንያቱም በመልሳችን አንዱን ጥፋተኛ፣ ሌላውን ነፃ እናደርጋለንና። በከተማችን የተለመደው ፍርድ የታወቀ ነው። ሕፃኑ ጡጦ ከያዘ ጥፋቱ የእናቲቱ ነው፤ «የዛሬ ሴቶች ለቁመናቸው ይሳሳሉ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ከዲናችን ጋር ይሄዳልን?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 233ኛ አንቀጽ ስለ ማጥባት ያወረደውን ቃል ላስተዋለ ሰው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው። ማጥባትን መሙላት ለሻ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑ ከተነገረ በኋላ ቃሉ ወዲያውኑ ወደ አባት ይዞራል። የእናቲቱ ምግብና ልብስ በመልካም አኳኋን በእርሱ ላይ መሆኑን ይደነግጋል። እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዳ ይከለክላል። አባት ባይኖር ወራሹም ኃላፊነት እንዳለበት ያስታውሳል። ልጁን ጡት ማስጣል ቢፈለግ እንኳ በሁለቱ ፈቃድና ምክክር እንዲሆን ያዛል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ እናት ብቻዋን የቆመችበት ቦታ የለም። እኛ ግን የአንቀጹን መጀመሪያ ለሚስቶቻችን እናነባለን፤ ቀጣዩን ለራሳችን ማንበብ እንረሳለን።

የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳዩን በጥልቀት መርምረውታል። በሀገራችን የኪታብ ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው የኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሚንሃጅ የእናትን ግዴታ ሲያስቀምጥ፣ ሕፃኑን እንገሩን ማጥባት በእርሷ ላይ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ሌላ አጥቢ ሴት ካለች ግን እናቲቱ እንደማትገደድ ያስረዳል። የማሊኪያ ሊቃውንት በበኩላቸው በጋብቻ ውስጥ ያለችን እናት በአብዛኛው ግዴታ አለባት ይላሉ። ልዩነታቸው እንዳለ ሆኖ ሁሉም የተስማሙበት ነገር አለ፤ ሕፃኑ መብት አለው፤ ወጪውም የሚወድቀው በአባት ላይ ነው። የተፈታች ሴት ብታጠባ ዋጋዋ እንዲሰጣት ሱረቱ ጦላቅ ያዝዛል። ማጥባት ሥራ ነው፣ ዋጋም አለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንገር አንድ ነገር ልበል። ኢማም ነወዊ ያረፉት በ676 ዓመተ ሂጅራ ነው። በዚያ ዘመን ግዴታ ተብሎ የተጻፈውን የመጀመሪያ ወተት፣ በየመንደራችን ያሉ እናቶቻችን «ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ያሳምማል» እያሉ ሲያስደፉት ኖረዋል። በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ያልሱት ነበር፤ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡት ነበር። ሐኪሞች ዛሬ እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ይሉናል። የተሕኒክ ሱና ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስላቸው አሉ። ተሕኒክ የለሰለሰች ቅንጣት ቴምር ንጽሕናዋ ተጠብቆ ላንቃን መንካት ነው እንጂ፣ በማንኪያ የሚሰጥ ምግብ አይደለም። በተምር ፈንታ ማር የሚሰጡ ደግሞ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አደገኛ መሆኑን ሐኪሞች እንደሚያስጠነቅቁ ይወቁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። የሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጠናል። ኢብን ሰዕድና ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ነጋዴዎች መዲና ደርሰው ባደሩበት ሌሊት ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ልቅሶ ሰሙና እናቱን አላህን ፍሪ፣ ለልጅሽ እዘኚ አሏት። ልቅሶው አልቆመም፤ ተመልሰው ደጋግመው ወቀሷት። በመጨረሻ ምክንያቱን ሲጠይቋት ከጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ለምን ቢሏት፣ ዑመር ከበይተል ማል የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለች፤ የምታናግረው ማንን እንደሆነ አላወቀችም። ዑመር በዚያን ዕለት የፈጅር ሶላት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሣ ቂርኣታቸው አልተለየም ይባላል። ከዚያም ልጆቻችሁን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ ለተወለደ ሁሉ ቆርጠናል ብለው አስነገሩ፤ ወደየአውራጃውም ጻፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የዑመር ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ወቀሳው ደጋግሞ ተነግሯት ሴትዮዋን ምንም አልለወጣትም። የለወጣት «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም ጠያቂውን ራሱን ጠቆመ። ሥርዓቱን ያወጣው ሰው ሥርዓቱን ሲቀይር እናቶች ለመለወጥ ስብከት አላስፈለጋቸውም።

እስቲ እኛም «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። አራስ ጥየቃ በገባሁባቸው ቤቶች ደጋግሜ የሰማሁት መልስ «ወተቴ አይበቃውም» የሚል ነው። የጡት ወተት በተጠባ ቁጥር የሚጨምር፣ ጡጦ በተተካ ቁጥር የሚቀንስ የአላህ ጥበብ ነው። ጭንቀትና ድካም ደግሞ ወተቱ እንዳይወርድ ያዘገዩታል። ስለዚህ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያባብል ባል፣ «ልጄ፣ ይበቃዋል አይዞሽ» የምትል አማት፣ ለወተቱ መውረድ እንደ አጥሚትና እንደ ገንፎው ያግዛሉ። በአንጻሩ «ልጁ ከሳ፣ ጣሳ ይገዛለት» የሚል አንድ ቃል የእናቲቱን እምነት ይሰብራል። «ሙቀት ነው፣ ውሃ ይጠማዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከጡት ወተት አብዛኛው፣ ከመቶ 87 እጅ ያህሉ፣ ውሃ ነውና።

ሁለተኛው መልስ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይሰጥ ይላል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስድስቱ ወር ሳይሞላ ፈቃዱ ያልቃል። በሱቅና በቤት ውስጥ ያለ ውል ለምትሠራዋ ደግሞ እሱም የለም። ሦስተኛው ገበያው ነው። የዱቄት ወተት ማስታወቂያ እናቶችን እንዳያሳስት እ.ኤ.አ በ1981 ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቷል፤ ሆኖም በጣሳው ላይ ያለው ወፍራም ሕፃን ዛሬም ለብዙዎች የሥልጣኔ ምልክት ነው።

ይህም ሆኖ እናቶቻችን ሰነፎች አይደሉም። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 ከመቶዎቹ የጡት ወተት ብቻ ይወስዱ ነበር። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የቀሩትን እናቶች ከመውቀሳችን በፊት ምን እንደጎደላቸው መጠየቅ ይገባናል።

«እናቶቻችን ያለ ሕግና ያለ ፈቃድ በድህነት አጥብተው አሳድገውናል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ያቺ እናት አርባ ቀን የሚያርሷት እህትና ጎረቤት ነበራት። ልጇን አዝላ ትሠራ ነበር እንጂ በሁለት ታክሲ ርቃው አትውልም ነበር። ድጋፉን አንሥተን ውጤቱን ብቻ ከልጃቸው መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ታማ ወይም ወተት አጥታ ማጥባት ያልቻለች እናትም አለች። ቁርኣን ሌላ አጥቢ መፈለግን ኃጢአት አላደረገውም፤ እኛም በእርሷ ላይ ጣት ልንቀስር አይገባም። ለምታጠባ ሴት የረመዳን ጾም ሳይቀር የቀለለላት እኮ አላህ አቅሟን ስለሚያውቅ ነው። ጌታዋ ያቀለለላትን እኛ ማክበድ የለብንም።

እንግዲህ የሚፈለገው ምንድን ነው? አባት የሆንክ ወንድሜ፣ ነፈቃህ ስኳርና ዘይት መግዛት ብቻ አይደለም፤ የሚስትህ ዕረፍትም በውስጡ ነው። በመርካቶ ሱቅና መጋዘን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሕጉ ካዘዘው በላይ ጥቂት ሳምንት ብትጨምሩ፣ ወይም ጥግ ላይ መጋረጃ የተጋረደባት አንዲት ቦታ ብታዘጋጁ ንግዳችሁ አይከስርም፤ በረካ ግን ይኖረዋል። የመድረሳና የመስጂድ ኃላፊዎችም ለወለዱ ኡስታዛዎች ይህንኑ ሊያደርጉ ይገባል። ኢማሞቻችን በጁሙዓ ኹጥባ ስለ ማጥባት ሲናገሩ የአንቀጹን ሁለተኛ ክፍል ለወንዶቹ ያሰሙ። አማቶችና አያቶች እንገሩን አያስደፉ።

ያኔ «አጥቢ» የሚለው ቃል ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና የመላው ቤተሰብ አማና ይሆናል። እናት ታጠባለች፤ እኛ ደግሞ እናቲቱን እንሸከማለን። አላህ (ሱ.ወ) በየውም አልቂያማ ስለ ሕፃናቶቻችን ሲጠይቀን መልስ ያለን ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።