እኅትነት እስከ መቼ ነው?

በአንድ ማዕድ ያደጉ ብዙ እኅቶች ጎጆ ወጥተው በዕድሜ ሲገፉ፥ እኅትነታቸው በልጅነት ዘመን ይቀራልን? ለዚህ ጥያቄ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ታሪክ መልስ ይሰጠናል።

አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ በምድረ በዳ በሞተ ጊዜ፥ አምስቱ እኅትማማች በሙሴ ፊት ቆመው ርስት ለመኑ። ልመናቸውም «ለእኔ» ሳይሆን «ለእኛ» የሚል ነበር፤ እግዚአብሔርም ፈረደላቸው (ዘኍልቍ 27)። ከዚያም ለአጎቶቻቸው ልጆች ተዳሩ። ዳሩ ግን ሙሴ ዐርፎ ኢያሱ በተተካ ጊዜ፥ ባለትዳሮች ሆነው ሳሉ፥ ዳግመኛ በአንድነት ቀርበው ርስታቸውን ተቀበሉ (ኢያሱ 17)። ትዳር አልለያያቸውም።

በሀገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት በውርስ እንዳይበላለጡ ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ ንብረትን ያካፍላል እንጂ ፍቅርን አይሰጥም። በወላጆቻቸው ቤት ምክንያት በዳኛ ፊት የሚካሰሱ፥ በለቅሶ ቤት እንኳ የማይነጋገሩ እኅቶችን እናያለንና።

ታላቂቱ ታናሺቱን አዝላ አሳድጋለች፤ ታናሺቱም ታላቂቱን በእርጅናዋ ልትደግፋት ይገባል። ይህ ዕዳ በገንዘብ አይተመንም፥ በይርጋም አይታገድም። እንግዲህ ድርሻችንን ከመቁጠራችን አስቀድሞ ያዘለችንን ጀርባ እናስብ።