መልሱ ትክክል ነው፤ ያወቀው ግን ማን ነው?

የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ጽሑፍ በቅርቡ አነበበልኝ። ቃሉ የተመረጠ፣ ሐሳቡም የተያያዘ ነበር። ደስ ብሎኝ የአንዱን ዐረፍተ ነገር ምክንያት ብጠይቀው ዝም አለ። ጽሑፉን ያዘጋጀለት ቻት ጂፒቲ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝና፣ «ታዲያ አባባ፣ የተሳሳተ ነገር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ስሕተት አልነበረውም። እኔም ወዲያው የምመልሰው አጣሁ።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው ከጥንት የነበረ ነው። ፕላቶን «ፌድሮስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ሶቅራጥስ ስለ አንድ የግብጽ ንጉሥ እንዲተርክ ያደርጋል። ቴውት የተባለው አምላክ የፊደልን ጥበብ ለንጉሥ ታሙስ ቢያቀርብለት፣ ንጉሡ ሰዎች በጽሕፈት ተማምነው ማስታወስን ይተዋሉ፣ ሳያውቁም ያወቁ ይመስላቸዋል ብሎ ተቃወመ። ይሁን እንጂ ይህን ወቀሳ ለእኛ ያቆየልን ያው ጽሕፈት ነው። ስለዚህ መሣሪያን መሣሪያ በመሆኑ ብቻ መንቀፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያና በ2008 የተመሠረተው ካን አካዳሚ፣ ቤተ መጻሕፍትና መምህር ለራቀው ብዙ ሰው በር ከፍተዋል።

በኅዳር 2022 ይፋ የሆነው ቻት ጂፒቲ ግን ዕውቀትን ከማቅረብ አልፎ ሥራውን በተማሪው ፈንታ ሠርቶ ይሰጣል። የኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጥር 2023 ከለከሉት፤ በግንቦት ክልከላውን አነሡ። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ማሽኑ የፈጠራቸውን፣ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ ያቀረቡ ሁለት ጠበቆችና ድርጅታቸው፣ በዚያችው ከተማ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት 5,000 ዶላር ተቀጡ። ዳኛው አስተማማኝ መሣሪያን ለእገዛ መጠቀም በራሱ ነውር አለመሆኑን ገልጸው፣ የቀረበውን የማረጋገጥ ኀላፊነት ግን የጠበቃው መሆኑን አስረድተዋል።

ይህ ፍርድ የቅኔ ቤትን ሥርዐት ያስታውሰኛል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ቅኔው ስላማረ ብቻ አይታለፍም፤ መምህሩ የሚሻው ባለቅኔ ማፍራት ነውና። ማሽኑንም በዚሁ መንገድ ማሠራት ይቻላል። ካን አካዳሚ በመጋቢት 2023 ያስተዋወቀው ካንሚጎ፣ መልሱን በቀጥታ ከመስጠት ይልቅ ተማሪውን እየጠየቀ እንዲመራው ታስቦ የተሠራ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ሰው ስሙን ባኖረበት ነገር ሲጠየቅ መመለስ መቻሉ ይመስለኛል። ይህም ለሕፃናት ብቻ የተነገረ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ሪፖርት የምናቀርብ፣ በጉባኤ ንግግር የምናደርግ እኛም በዚሁ እንመዘናለን። ያልገባንን በስማችን ስናቀርብ ሰሚውን እናታልላለን፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እኛው ሳንማር እንቀራለን።

ለልጁ በመጨረሻ ያልሁት ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ጽሑፉ አልተሳሳተም። ነገር ግን መምህርህ ስለ ጉዳዩ የምታነበው መጽሐፍ አጥታ አይደለም ያዘዘችህ፤ አንተ እንድታስብበት ነው።» በማግስቱ ሌላ ጽሑፍ ይዞ መጣ። አጠር ያለ ነበር፤ ሁለት ስሕተትም አገኘሁበት። ስለ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ስጠይቀው ግን መለሰልኝ፤ በአንዱም ላይ ተከራከረኝ።